ብረቱን ለመታ ሁሉ

የካቲት 3

ለወንድሜ ለባሕረኛው፣

ጤናህን የምጠይቅህ ለወጉ አይደለም፤ ባለፈው ደብዳቤህ ራሴን ያመኛል ብለህ ነበር። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። በዝናብ ጊዜ የሚያፈሰው ጥግ አሁንም ያፈሳል፤ ባልዲ አስቀምጬለታለሁ፣ ተላምደዋል።

"ጀልባው እንዴት ነው?" ብለህ ጠይቀኸኛል። ሳልመልስልህ የቆየሁትም ለዚሁ ነው። ጀልባው ታስሯል። በገመድ ማለቴ አይደለም፤ በገመድማ አባታችን ከሠራው ቀን ጀምሮ እንደታሰረ ነው። አሁን የታሰረው በሰንሰለትና በቁልፍ ነው። ኅዳር ላይ የወረዳው አስተዳዳሪ ሁለት ሰው አስከትሎ መጣና "መሳፈሪያው ለጥገና ተዘግቷል" አለኝ። "የቱ ጋ ነው የተበላሸው?" አልኩት። "ባለሙያ ያጣራዋል" አለ። እስከ ዛሬ ባለሙያ የሚባል ፍጡር በመንደራችን አልታየም። የመዶሻ ድምፅም አልሰማንም።

ከዚህ ከወጣህ ብዙ ዘመን ስለሆነ ላስታውስህ። የድምፅ መስጫው ሣጥን የሚቀመጠው በእኛ በኩል፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች አስተዳዳሪውን ባለፈው ምርጫም አልመረጡትም፣ ዘንድሮም አይመርጡትም። ይህን እሱም ያውቃል፣ ፍየሎቻቸውም ያውቃሉ። ድልድይ የሚገኘው ወደ ታች ሙሉ ቀን ከተጓዙ በኋላ ነው። ምርጫው ግንቦት ማብቂያ ላይ ነው። ቀሪውን ራስህ ጨርሰው።

የማዶው አስተማሪ፣ አንተንም ፊደል ያስቆጠሩህ፣ አሁን ያለ ከዘራ የማይሄዱት፣ በማዶው ሰው ሁሉ ስም አቤቱታ ጻፉ። የእኛ ፍርድ ቤት በአንድ ጠዋት "አያገባኝም" አለ። ከሱ በላይ ያለውም "ወደ ላይ ሂዱ" አለ። ከዚያ በላይ እንግዲህ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። አቤቱታው ከታኅሣሥ ጀምሮ እናንተ ዘንድ ነው። አስተማሪው "የመንደራችን ልጅ እዚያው አቤቱታ አጣሪ ነው" እያሉ ሰውን ያጽናናሉ። 

ማዶ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው ብረት አሁንም ይመታል። መሻገር የፈለገ ሰው ልማድ ሆኖበት ይመታዋል። እኔም ልማድ ሆኖብኝ ከተቀመጥኩበት እነሣና ደጅ ስደርስ ሰንሰለቱ ትዝ ይለኛል።

እህትህ


የካቲት 21

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ደህና ነን። ራሴን የሚያመኝ ከመነጽሩ ነው ተብሎ መነጽር ተቀይሮልኛል። ለመዘግየቴ ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ ሥራው ትንፋሽ አይሰጥም።

ጀልባው በመታሰሩ ምን ያህል እንዳዘንኩ ቃል የለኝም። ሆኖም እትዬ፣ ነገሩን ሰፋ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ወቅቱ እጅግ ስስ ነው። ምርጫ ሲቃረብ ፍርድ ቤታችን "ለእገሌ አደላ" እንዳይባል መጠንቀቅ ግዴታው ነው። አንድ ጉዳይ ዛሬ ሲታይና ከሦስት ወር በኋላ ሲታይ አንድ አይደለም።

ይህ ማለት ግን ሥራ ፈታን ማለት አይደለም። በዚህ ወር እንኳ ሰባቱም ዳኞች ተሰይመው ሁለት ትልልቅ ክርክሮች ሰምተዋል። አንደኛው የዛፍ ጥላ የማን ነው የሚል ነው፤ ዛፉ የአንዱ ሰው ሆኖ ጥላው ከሰዓት በኋላ የጎረቤቱ ግቢ ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ከቀፎ ስለኮበለለ የንብ መንጋ ነው። ሰብሳቢ ዳኛው በንቡ ላይ የጻፉት ፍርድ በጋዜጣ ወጥቶ ሕዝቡ በጣም ወዶታል። ቆርጬ ልኬልሻለሁ።

ስለ አስተማሪው አቤቱታ ያነሣሽውን በሚመለከት፣ በየዕለቱ የሚገባው እጅግ ብዙ በመሆኑ ይህ ነው ብሎ ለመናገር ያስቸግራል። የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ሁሌም ታናሽሽ


መጋቢት 5

ለባሕረኛው፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ለራሴ፣ ቀጥሎ ለአስተማሪው። እሳቸው በድልድዩ በኩል ዞረው፣ መንገድ ላይ አድረው መጥተው ነበር፤ ሐኪም ሊያዩ። የዛፉ ጥላ ጋ ስደርስ አስቆሙኝ።

"ቆይ፣ ቆይ። ሰባቱም?"

"ሰባቱም" አልኳቸው።

"ካባቸውን ለብሰው?"

"ሳይለብሱ አይቀሩም።"

"ለፀሐይዋስ መጥሪያ ላኩላት ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ" አሉና ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ይኸው ጠየቅሁልህ።

የላክኸውን የጋዜጣ ቁራጭ መስኮቱ በነፋስ እንዳይንኳኳ አጥፌ ወሸቅሁበት። ልኩ ነው።

አሁን ቀልዱን ልተውና፣ "ስስ ወቅት" ያልከኝ አልገባኝም። ስስ ነገር የሚደርብበት ይፈልጋል፤ እናንተ ግን ስስ ሆነ ብላችሁ ሸሻችሁት። ላለማድላት ዝም አልን ትላለህ። ሰንሰለት ዝም ሲሉት አይፈታም እኮ ወንድሜ። ሁለት ሰው ቢጣላና አንዱ ቁልፍ በኪሱ ይዞ ቢሆን፣ ዝም ያለ ሽማግሌ የማን ወገን ነው? ይህን አባታችን ያለ ካባ ያውቀው ነበር።

ልጅ ሆነህ ውሃ እየፈራህ፣ ጀልባው ላይ ዓይንህን ጨፍነህ ትሻገር ነበር። ባሕረኛው ያልንህ ለሹፈት ነው። ሹፈቱ ይህን ያህል ዘመን ይሠራል ብዬ አላሰብኩም።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፤ "በየዕለቱ የሚገባው" ምናምን ሳትል። አቤቱታው በእጅህ አልፏል ወይስ አላለፈም?

እህትህ


መጋቢት 17

እትዬ፣

አልፏል።

ቢሮአችን ሦስት ጠረጴዛ ነው፤ የእኔ፣ የባለመነጽሯ የሥራ ባልደረባዬና የአለቃችን። አንድ መስኮት አለን፤ የሚታየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው። ሁለት መደርደሪያ አለ። አለቃችን ገና ስንቀጠር አንዲት ጥያቄ አስተምረውናል፤ "ይህ ነገር ከምርጫው በፊት ቢወሰን የሚቆጣ አለ ወይ?" የሚቆጣ ከሌለ አቤቱታው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ ዳኞቹም ከዚያ ይመርጣሉ። የሚቆጣ ካለ ወደ ታችኛው ይወርዳል። የታችኛውን "ከዚያ ወዲያ" እንለዋለን። ምርጫው ሲያልፍ ይከፈታል።

የአስተማሪውን ታች ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ለእናንተው ብዬ ነው፣ እመኚኝ። አሁን ብናቀርበው ውድቅ ያደርጉታል፤ ውድቅ የሆነ ነገር ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ምርጫው ካለፈ በኋላ ግን ዳኞቹ ደፋሮች ይሆናሉ። በየአራት ዓመቱ የማየው ነው፤ ድፍረታቸው ሊያስገርምሽ ይችላል።

አሁን የሚፈለገው የሣር ሽታ ያለው ጉዳይ ነው። ሰብሳቢ ዳኛው ሰኞ ዕለት በበሩ ብቅ ብለው "ዛፉ ጥሩ ነበር፣ ንቡም ጥሩ ነበር፤ እስኪ ደግሞ ላም ያለችበት ነገር ፈልጉልኝ" አሉን። ሳቅን። የሳቅነው እሳቸው ስለሳቁ ነው።

በእኔ እንደምታፍሪ አውቃለሁ። አስተማሪውን ግን አትንገሪያቸው።

ታናሽሽ


ሚያዝያ 6

ለወንድሜ፣

ሕክምናው ስላላለቀላቸው አስተማሪው እስካሁን ከእኛ በኩል ናቸው፤ አልነገርኳቸውም። "ፋይሉ ከፍ ያለ ቦታ ነው" አልኳቸው። መደርደሪያውን አሳንሼ መናገር አልሆነልኝም።

ደብዳቤህ በደረሰ ቀን ብጽፍልህ ኖሮ ወረቀቱ ይነድ ነበር። ሰው ለሰው ብሎ ሰውን ይቀብራል የሚባለውን ሰምቼ አላውቅም፤ ካንተ ሰማሁ። ከዚያ ግን ቁጣዬን ተውኩት። ላም ያልካት ነገር ስታሳስበኝ ከረመች።

በል የራሴን ጉዳይ ልንገርህ። የአባታችን ጀልባ ቆሞ ሆዱ እየበሰበሰ ነው። እንጨት እየሠራ ነው የሚኖረው፤ ታውቃለህ። ስለዚህ በራሴ ስም፣ በገዛ እጄ፣ አንዲት አቤቱታ ጽፌአለሁ። የእኛ ፍርድ ቤት እንደ ልማዱ በአንድ ጠዋት አሰናበተኝ። የበላዩም አልዘገየም። ሁለቱንም አመሰገንኳቸው፤ ግራ ገባቸው። አሁን ወደ እናንተ ልኬዋለሁ።

ስለ ማንም መብት አልጻፍኩም። ስለ ሣጥንም አልጻፍኩም። አስተማሪው "ሉዓላዊነት የምትለዋን ብቻ አስገቢልኝ" ብለው ለመኑኝ፤ እምቢ አልኳቸው፣ ኩርፊያ ገቡ። እኔ የጻፍኩት አባታችን እንጨቱን ከየት እንዳመጣው፣ ሆዱን በምን ይቀባው እንደነበር፣ እንዴት ያለ ገመድ እንደሚስማማው ነው። ደግሞም ጀልባ እንደ ላም ነው፣ ሳይታለብ ካደረ ይታመማል ብያለሁ። ይኸው፣ ላም አስገብቻለሁ።

ሌላ የምለምንህ የለኝም። ዝም ማለት ታውቅበታለህ፤ እሱኑ ቀጥል።

እህትህ


ሚያዝያ 22

እትዬ፣

አቤቱታሽ ደርሷል። የእህቴ ስለሆነ ሕጉ እኔ እንዳላየው ይከለክለኛል፤ ለባለመነጽሯ ሰጠኋት። ጥቂት እንዳነበበች ብቻዋን መሳቅ ጀመረች። ከዚያ ጮክ ብላ ለሁላችን አነበበችው። ላሚቱ ጋ ስትደርስ አለቃችን ወንበራቸውን አዙረው "ይቺ ናት!" አሉ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ እንኳ አላረፈችም፤ በዚያው ቀን ወደ ሰብሳቢው ገባች። ሌላ ጊዜ ስድስት ወር የሚፈጅ ነገር ነው። ቀጠሮው ግንቦት 6 ነው።

ባለመነጽሯ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "እዚያ ማዶ ሰው ይኖራል እንዴ?"

"ፍየል ይበዛል" አልኳት።

እኔም አንቺን ልጠይቅሽ የፈለግሁት ነበረኝ፤ ተውኩት። ስትመጪ ከእኛ ዘንድ እረፊ። ልጆቹ አክስታቸውን አያውቋትም።

ታናሽሽ


ግንቦት 14

ለወንድሜ፣

ቤትህ ሳላድር በመመለሴ እንዳትቀየም። ሥራህን እንዳላሳጣህ ብዬ ነው። ለልጆቹ ያመጣሁትን ዘበኛው ጋ ትቼዋለሁ፤ ደርሷቸው ከሆነ ጻፍልኝ።

"እንዴት ሳትፈሪ መለስሽ?" ብለሃል። አዳራሹ መጀመሪያ አስፈርቶኝ ነበር፤ ጣሪያው ለሰው ሳይሆን ለቀጭኔ የተሠራ ይመስላል። ከዚያ ግን ሰብሳቢህ አፋቸውን ከፈቱ። "ለመሆኑ ይህች ላም ስንት ትታለባለች?" አሉና ስድስቱ ሳቁ። አንዱ ዳኛ በልጅነታቸው ስለነበራቸው ታንኳ አወሩ። ሌላኛዋም ታንኳ ነበራቸው። በዚያን ጊዜ ፍርሃቴ እንደ ጉንፋን ለቀቀኝ። እኔ ከአንድ መንደር ሙሉ ሰው ጉሮሮ ላይ እጅ ለማስለቀቅ መጥቼ፣ እነሱ ታንኳ ይጫወታሉ።

አንተ ከኋላ በሩን ተደግፈህ ቆመህ ነበር፤ አይቼሃለሁ። የአስተዳዳሪውን ጠበቃ ላብም አይተሃል። "ለምንድን ነው የታሰረው?" ሲሉት እውነቱን ሊናገር አይችልም። እውነቱን ቢናገር ምርጫ የምትለዋን ቃል እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማንሣት ሊኖርበት ነው፤ ያቺን ቃል ደግሞ ከእናንተ ፊት ያነሣ ሰው ምን እንደሚገጥመው የተማረ ነው። ያሰረንን ዝምታ እሱም አፉ ላይ አገኘው። "ለጥገና" አለ። "የቱ ጣውላ?" አሉት። ጣውላ አያውቅም። "የትኛው ባለሙያ?" አሉት። ባለሙያም አያውቅም። አሳዘነኝ ብልህ ሐሰት ነው።

ፍርዱ አጭር ነበር። "ላሚቱ ወደ ሣሯ ትሂድ" አሉ ሰብሳቢህ። ሌሎቹ ዳኞችም በጣም ተደሰቱ።

ቁልፉን አስተዳዳሪው ራሱ ይዞ መጣ። ሰንሰለቱን ሲፈታ እጁ በዝገት ቀላ። "ቁም ነገርሽ ሌላ መሆኑን የነገራቸው አልነበረም?" አለኝ።

"ማንም" አልኩት።

"ቢያውቁስ ኖሮ?"

"ባለሙያ ያጣራዋል" አልኩት።

ማዶው ዛፍ ሥር ያን ቀን ማን ብረቱን ቀድሞ እንደመታው አልታወቀም፤ ሁሉም እኔ ነኝ ይላል። ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል።

እህትህ


ሰኔ 11

ለምወድሽ እትዬ፣

ከምርጫው ወዲህ ዝም በማለቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ልጆቹ ያመጣሽላቸውን ወደውታል፤ ትንሿ አሁንም ይዛው ትተኛለች።

ያሳለፍኩትን ልንገርሽ። ጋዜጣው "ወረዳውን የቀየረች ጀልባ" ብሎ በጻፈ ማግስት ሰብሳቢው አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ የራሳቸው ፍርድ ተዘርግቷል። "ታውቅ ነበር?" አሉኝ። ወለሉ እንደ ጀልባ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። "እኔ ፋይሉን አላየሁትም ጌታዬ፤ ሕጉ ይከለክለኛል" አልኩ።  ከዚያ "ሕጉን ማክበርህ መልካም ነው" ብለው አሰናበቱኝ።

አሁን ግን ሁሉም ተረጋግቷል፤ የምሥራችም ይዤልሻለሁ። ታችኛው መደርደሪያ ተከፍቷል። የአስተማሪው አቤቱታ ከሁሉም ቀድሞ ተመረጠ! ሰብሳቢው "ታሪካዊ ነው" ብለዋል። ጋዜጠኞች ይጠራሉ። መሻገሪያ መዝጋት ድምፅ መንሣት መሆኑን ፍርድ ቤቱ በማያሻማ ቋንቋ ሊናገር ነው። ረቂቁን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። አለቃችን በጡረታ ስለሚወጡ ወንበሩም ወደ እኔ ሳይመጣ አይቀርም።

አንድ ችግር ብቻ አለ። አስተማሪው ሁለት መጥሪያ ደርሷቸው አልመለሱም። ከፊት ወንበር እንዲቀመጡ ተወስኗል፤ እሳቸው ካልቀረቡ ነገሩ ውበት አይኖረውም። አንቺን ይሰሙሻልና እባክሽ አምጪያቸው። ሰብሳቢው አንቺንም በዓይን ሊያዩሽ ይፈልጋሉ፤ አልተቀየሙም።

ታናሽሽ


ሰኔ 28

ለወንድሜ ለባሕረኛው፣

የትንሿን ነገር ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። ከደብዳቤህ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው።

መጥሪያዎቹን አስተማሪው አሳይተውኛል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ማኅተሙ ያምራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል ሰምቼአለሁ፤ የእናንተው ውሻ ግን ጅቡ ከሄደ በኋላ ጮኾ ሲያበቃ ጅቡን እኔ አባረርኩት ብሎ ጋዜጠኛ ይጠራል። ይህ አዲስ ነው።

ለአስተማሪው ያልከኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ከፊት ወንበር መባሉንም። የመለሱትን እንዳለ እጽፍልሃለሁ። "በያቸው፣ ጥርሴ በታመመ ጊዜ ሐኪም ጠየቅሁ፤ አሁን ጥርሱ ወልቋል። ሐኪሙ መንጋጋዬን ለማመስገን ከፈለገ እሱ ይምጣ።" አቤቱታውን ግን አልተውም ብለዋል። "ሉዓላዊነትን ሦስት ቦታ አስገብቻለሁ፣ ይጻፉት።" አየህ፣ እሳቸውም ሰው ናቸው።

ምርጫው ዕለት እንዴት እንደነበር ጠይቀኸኝ አታውቅም። ከጎህ ጀምሮ ገመድ ስንጎትት ዋልን። አስተማሪውን ከነወንበራቸው አስቀመጥናቸው፤ መሐል ወንዝ ላይ ሲደርሱ "ፍጥነት ቀንሱ፣ ይህን ላየው እፈልጋለሁ" አሉ። አንዲት እመጫት ልጇን እኔ ላይ ጥላ ሄዳ መርጣ ተመለሰች። ያ አስተዳዳሪ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን በስሙ ሰላም ይል ነበር፤ ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ነው። ተሸነፈ። የመረጡት ሰውዬ ግን ለእውነት ከሆነ ከእሱ ብዙም የሚሻል አይመስለኝም፤ ሲናገር ሰምቼዋለሁ፣ ሲጀምር እንጂ ሲጨርስ አያውቅም። ቢሆንም ሞኙ የራሳቸው ሞኝ ነው። እነሱው ያመጡት፣ እነሱው የሚያወርዱት።

አሁን ላንተ። "ፍየል ይበዛል" ያልካትን ነገር ለማንም አልነገርኩም። ከሥራህ ሁሉ ፍርድ የምትመስለው ያቺ ናት። ለአንዲት ሴት የተነገረች ሁለት ቃል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰብሳቢህ ፊት "አላየሁትም" አልክ፤ እውነትህን ነው፣ ያን ያህል ጠቢብ ውሸት ግን ከእናታችን ልጅ አልጠበቅሁም። ወንበሩን ከሰጡህ ውሰደው። ግን ያን የታችኛውን መደርደሪያ ከግድግዳው ንቀለው። አትችልም? እንግዲያው ወንበሩ ለምንህ ነው?

እዚህ እኔ ዘንድ አንድ ብረት አለ። የመታውን ሁሉ አሻግራለሁ። ማን ነህ፣ ወዴት ነህ፣ ብታሻግሪኝ የሚቆጣ አለ ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አስተዳዳሪው ራሱ ባለፈው ሳምንት ማዶ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ መሽቶበት መታው። አሻገርኩት። ጫማው እንዳይርስ እግሩን ሰብስቦ ተቀመጠ። እናንተ ሰባት ሆናችሁ ይህን ያልቻላችሁት ጣሪያችሁ ከፍ ስላለ ይሆን?

እኔም አልመጣም። ሰብሳቢህ በዓይን ሊያዩኝ ከፈለጉ ጀልባው ክፍት ነው። አንተ ግን ና። ትንሿንም አምጣት። በድልድዩ በኩል አትዙር፤ ከማዶው ዛፍ ሥር ውረድና እንደ ማንም ሰው ምታው። ዓይንህን ብትጨፍን አልስቅብህም።

ሌላም የምጽፍልህ ነበረኝ፣ ግን ብረቱ ተመታ።